የላይኛው ባኞ ቤት

ግንበኛው አዝመራው ሜትሩን ዘርግቶ፣
ሴራሚኩን በጣቱ እያንኳኳ ሰምቶ፣
«ሁለት ሳንቲም ተዳፋት፣ ሌላው ቀላል» አለኝ፤
«ቀላል» ያላት ቃሉ እንቅልፍ ከለከለኝ።
የሱ ሁለት ሳንቲም ስንት ሺህ ብር እንደሆነ
ገና አልነገረኝም።

«ዳር የለው፣ ደፍ የለው፣ መጋረጃ የለው፣
ወለሉ በሙሉ ውኃ የሚቀበለው።
ገንዳው ይነቀላል፤
እናትሽ ከነወንበሯ ተገፍታ ትገባለች፣
እግሯን ሳታነሣ ታጥባ ትወጣለች።»

ገንዳው ግን፣ አዝመራው፣ ገንዳ ብቻ አይደለም፤
ማራኪ ላይ ውኃ በየቀኑ የለም።
በአሥራ አንደኛው ሌሊት ቧንቧው ሲያስነጥስ፣
ጫማዬን ሳላደርግ፣ ነጠላ ሳልለብስ፣
የገንዳዋን ጉሮሮ በጨርቅ እወትፋለሁ፣
እስኪነጋ ድረስ ስትሞላ አያለሁ።
ሮቶው ጣራ ላይ ነው፤ ግፊቱ አይደርስለትም፤
ሰማይ ያያል እንጂ ውኃ አይቶ አያውቅም።

ደሞም ያመጣት እንዳላማው ነው።
ከአዘዞ ጨረታ፣ ጠርዟን ዝገት የበላትን፣
በአራት ሰው ትከሻ ደረጃ ያወጣትን።
መታጠፊያው ላይ ግድግዳውን የቧጠጠችበት ጠባሳ አለ፤
ቀለም ሲቀባ «እሱን ዝለሉት» ብዬ ነበር።
አንድ ቀን ብቻ ነው ሞልቶ የተኛባት፤
ጉልበቶቹ ደሴት፣ እሷም ጣና ሆናለት፤
«ንጉሥ እንዲህ ነበር?» አለኝ። ሳቅሁበት።

ከታች ማስተዋል አለች፣ ልብስ ሰፊዋ፤
የሙሽራ ቀሚስ የሞላ መስቀያዋ።
ኪራይዋ ነው ባንኩን ዝም የሚያሰኝልኝ።
ባለፈው ክረምት ኮርኒሷን አሳየችኝ፦
የሰፌድ ያህል ቢጫ ክብ።
«ይህ ከሰማይ ነው፣ ወይስ ከናንተ?» አለች፣
ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።
ከኛ ነበር።
ሶሌታው ሃያ ዓመቱ ነው፤ ስንጥቁን ማን ያውቃል?
ውኃ እንደ ነገረኛ ነው፤ ቀዳዳ ይጠይቃል።

«ካትራሜ እቀባለሁ፣ ላስቲክ አነጥፋለሁ፤
ሦስት ቀን ውኃ አቁሬ፣ ከታች እጠብቃለሁ።»
ከታች የሚጠብቀው ነጭ ሐር ነው፣ አዝመራው።

ባለፈው ጥር ግን፣ ቀሃ ዳር ያ ግንብ በሞላ ጊዜ፣
በሰው መሐል ወንበሯን ገፍቼ ወሰድኳት፤
ቄሱ በጎማ ሲረጩ ጠብታው ደረሳት።
በአንገቷ ወረደ፣ በነጠላዋ፣ በጉልበቷ፣
ከእግሯ ሥር በድንጋዩ ፈሰሰ።
ማንም አላነሣትም። ማንም «ያዝ!» አላለም።
እንደዚያን ቀን ስትስቅ ከርማ አታውቅም።

ቅዳሜ ማታ፣ እኔና መክሊት ግራ ቀኝ ይዘን፣
«አንድ፣ ሁለት…» ብለን፣ ሦስትን ሳንጨርስ ደክመን፣
አንድ እግሯ ከውስጥ፣ አንድ እግሯ ከውጭ፣
አጥር ሲዘል እንደተያዘ ሰው
በጠርዙ ላይ ቀረች።
ያን ጊዜ ተናገረች፦
«ሁላችሁንም ሰማሁ። ስለ ኮርኒሱ፣ ስለ ባንኩ፣ ስለ ባልሽ ገንዳ።
የኔን ገላ ግን የጠየቀው የለም።
እንደ ጆንያ መጫን ሰልችቶኛል፣ እናንየ።»
መልስ አልነበረኝም። ሳሙና ብቻ ነበረኝ።

ገንዳዋ ከአሸንዳው ሥር፣ ጓሮ ትቀመጥ ይሆናል፤
ሐምሌ ይሞላታል።
ስትወርድ መታጠፊያው ላይ ሁለተኛ ጠባሳ ትተዋለች።
ማስተዋል ቀሚሶቿን ሦስት ቀን የት እንደምታሳድር አላውቅም።
በአሥራ አንደኛው ሌሊትም
ለምን እንደምነሣ አላውቅም።

ሁሉም ሲተኛ በኩባያ ውኃ ይዤ ገባሁ፤
ከወለሉ መሐል ቀስ ብዬ አፈሰስሁ፤
ወዴት እንደሚሄድ ላይ ተንበረከክሁ።
ወደ ፍሳሹ አልሄደም።
ቀጭን ምላስ አውጥቶ በሴራሚኩ ፍንክት
አለፈ በበሩ፣ ወደ እናቴ መኝታ ቤት።

«ምንድን ነው?» አለች ከጨለማው ውስጥ።
«ውኃ ነው» አልኳት።
«ይምጣ» አለች።